የመረጃ ደህንነት መምህር ልትሆኑ ነው? ከላቡ (ከቤተ ሙከራው) ጀምሩ

ዲፓርትመንት ለሴሚስተሩ ኮርስ ሲያከፋፍል «ኮምፒውተር ሴኩሪቲ» ብዙ ጊዜ አዲስ ለመጣው መምህር ይደርሳል። ነባሮቹ ዳታቤዙን፣ ፕሮግራሚንጉንና ኔትወርኩን ቀድመው ይዘዋል። ለእኔም የደረሰኝ እንዲሁ ነው። ከቀድሞው መምህር የተረከብኩት አንድ ፍላሽ ሙሉ ስላይድ ብቻ ነበር። እኔ አነበብኩ፣ ተማሪው ጻፈ፣ ተፈተነ፣ አለፈ። በሴሚስተሩ መጨረሻ አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጥታ «ቲቸር፣ የፋየርዎልን ትርጉም በደንብ አውቀዋለሁ። ግን አይቼው አላውቅም» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ይህን የኔትወርክ አጥር በእጄ ነክቼው አላውቅም ነበር።

ይህን የምጽፈው ኢትዮጵያ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የመረጃ ደህንነትን ማስተማር ለጀመራችሁ ወይም ልትጀምሩ ላሰባችሁ ነው። ያኔ ማንም ያልነገረኝን በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

1. ከመግባታችሁ በፊት መሠረታችሁን ፈትሹ

መንገዱ ይታወቃል። በጥሩ ውጤት ትመረቃላችሁ። በግራጁዌት አሲስታንትነት ወይም ማስተርስ ይዛችሁ በሌክቸረርነት ትቀጠራላችሁ። ከዚያ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር እያለ ይቀጥላል።

የመረጃ ደህንነት ግን ብቻውን የሚቆም ትምህርት አይደለም። ሦስት እግር አለው። ኔትወርክ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እና ፕሮግራሚንግ ናቸው። አንዱ ከጎደለ ክፍል ውስጥ ይታወቅባችኋል። ተማሪ «ለምን?» ብሎ ሁለት ጊዜ ከጠየቀ ስላይዱ ያልቃል።

ራሳችሁን እንዲህ ፈትኑ። ሊነክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለ ማውዝ አንድ ሳምንት ተጠቀሙ። ዋየርሻርክ በሚባለው የኔትወርክ ማዳመጫ ፕሮግራም የራሳችሁን ኮምፒውተር ትራፊክ ያዙና አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት የሚያልፈውን ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) በየተራ አብራሩ። በሲ ቋንቋ ትንሽ ፕሮግራም ጽፋችሁ ሜሞሪው ላይ ምን እንደሚሆን ተከታተሉ። ሦስቱም ከሄዱላችሁ ለመጀመር ይበቃል። ካልሄዱ ክረምቱን ለእነሱ ስጡ።

ሰርተፍኬትን በተመለከተ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለደረጃ ዕድገት የሚቆጠረው ዲግሪና የታተመ ጽሑፍ ነው። ሰርተፍኬት ግን እጃችሁን ያፍታታል። እንደ ኦኤስሲፒ ያለው የጥቃት ሙከራ ፈተና 24 ሰዓት ገደማ ቁጭ አድርጎ እውነተኛ ማሽን የሚያስሰብር ነው። ሲአይኤስኤስፒ የሚባለው የደህንነት ባለሙያ ሰርተፍኬት ደግሞ የ5 ዓመት የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ ለጀማሪ አይሆንም። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ስላላቸው መጀመሪያ እሱን ተጠቀሙበት። ዶላር አይጠይቃችሁም።

2. የኮርሱን አውትላይን እንደ አጽም ተቀበሉት

የዩኒቨርሲቲዎቻችን ካሪኩለም አገር አቀፍ ሃርሞናይዝድ ነው። የኮርሱን ስም፣ ክሬዲትና ምዕራፍ እናንተ አትወስኑም። በዚህ ላይ ጉልበት አትጨርሱ። የእናንተ ድርሻ ሥጋውን መሙላት ነው።

ለዚህ የሚረዱ ሁለት ነጻ ሰነዶች አሉ። አንደኛው እንደ ፈረንጆቹ በ2017 ዓለም አቀፎቹ የኮምፒውተር ማኅበራት በጋራ ያወጡት የሳይበር ደህንነት ካሪኩለም መመሪያ ነው። ትምህርቱን በ8 ዘርፍ ይከፍለዋል። ሰውን፣ ድርጅትንና ማኅበረሰብን ለየብቻ ዘርፍ አድርጎ ማስቀመጡን እወድለታለሁ። ሁለተኛው በእንግሊዝ አገር የተዘጋጀው ሳይቦክ ነው። 21 የእውቀት መስኮች አሉት። እያንዳንዱን የጻፈው በዚያ መስክ የበሰለ ሰው ነው። ነገ ስለምታስተምሩት ርዕስ ዛሬ ማታ ማንበብ ካለባችሁ ከሳይቦክ አንድ ምዕራፍ ይበቃችኋል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ሐሳቡን ግን ብዙዎቻችን በአማርኛ እናብራራለን። ክፍላችሁ ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ ወይም ሶማሊኛ አፉን የፈታ ተማሪ እንዳለ አትርሱ። ቁልፍ ነገር በአማርኛ ብቻ ተናግራችሁ አትለፉ። ቦርዱ ላይ በእንግሊዝኛ ጻፉት፣ ሥዕልም ጨምሩ። እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ ሙሉ ሴሚስተር ቀልድ ሲነገር ብቻ ዝም እንደሚል አስተውዬ ጠየቅኩት። ለካስ ቀልዱ ብቻ ሳይሆን ማብራሪያዬም እያለፈው ነበር።

3. ላቡን ሥሩ

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ይህን ነው። ስላይድ ከማሳመራችሁ በፊት ላብ ይኑራችሁ። «በጀት የለም» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። የምነግራችሁ ያለ በጀት የሚሠራውን ነው።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ 8 ጊጋባይት ራም ያላቸው ጥቂት ኮምፒውተሮች፣ አንድ አሮጌ ስዊች፣ አንድ ኤክስተርናል ዲስክ። ሶፍትዌሩ ሁሉ ነጻ ነው። ቨርቹዋልቦክስ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ኮምፒውተሮችን ያስነሳላችኋል። ካሊ ሊነክስ የአጥቂው ማሽን ይሆናል። ተጠቂው ሜታስፕሎይተብል 2 ይሁን። ይህ ሆን ተብሎ በቀዳዳ የተሞላ ማሽን ነው። ግማሽ ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። ለድር ጥቃት ልምምድ የሚሆነው ዲቪደብሊውኤም አብሮት ተጭኖ ይመጣል። ስለዚህ አንድ አውርዳችሁ ሁለት ታገኛላችሁ።

የተዘጋጀ የላብ ወረቀት ከፈለጋችሁ ሲድ ላብስ አለላችሁ። አሜሪካ በሚገኘው ሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዌንሊያንግ ዱ እንደ ፈረንጆቹ በ2002 የጀመሩት ሥራ ነው። ከሜሞሪ ጥቃት እስከ ምስጠራ ድረስ ደረጃ በደረጃ የተጻፈ ነው፣ ክፍያም የለውም። አንድ መምህር ለራሱ ክፍል ብሎ የጀመረው ነገር ይህን ያህል መድረሱ እኔን ያበረታኛል።

ማውረዱ ነው ችግሩ። ካሊ ብቻውን ከ3 ጊጋባይት በላይ ነው። 60 ተማሪ በግቢው ዋይፋይ ያውርድ ማለት ዘበት ነው። ስለዚህ እናንተ አንድ ጊዜ ሌሊት አውርዱት፣ በኤክስተርናል ዲስክ አዙሩት። ከዲስኩ ጋር የእያንዳንዱን ፋይል የሻ-256 ቁጥር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ተማሪው ፋይሉን ሲገለብጥ ቁጥሩን ራሱ አስልቶ ከግድግዳው ጋር ያስተያይ። በአንድ ፍላሽ ላይ ፋይሉ ሳይጨርስ ተቋርጦ ቁጥሩ አልገጥም ሲለው የመረጃ ሙሉነት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ይህን በስላይድ አንድ ሰዓት ብናገር እንዲህ አይገባውም።

ኔትወርኩን ዝጉት። በቨርቹዋልቦክስ ውስጥ የማሽኖቹን ኔትወርክ ሆስት ኦንሊ ወይም ኢንተርናል (ከውጭ ጋር የማይገናኝ) አድርጉት። በርካታ ኮምፒውተር በስዊች የምታገናኙ ከሆነ ስዊቹን ከግቢው ኔትወርክ የሚያገናኘውን ገመድ በእጃችሁ ንቀሉት። ሴቲንግ ላይ ብቻ አትተማመኑ። ሜታስፕሎይተብል በስህተት ከግቢው ኔትወርክ ጋር ከተገናኘ ለማንም በሩን ከፍቶ የሚጠብቅ ቤት ነው።

መብራት ይጠፋል። ቨርቹዋል ማሽን እየሠራ መብራት ሲጠፋ ዲስኩ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ማሽን ንጹሕ ሆኖ እንደተጫነ ስናፕሾት ያዙ። ሲበላሽ በአንድ ደቂቃ ወደ ነበረበት ትመልሱታላችሁ። ላፕቶፕ ያላቸው ተማሪዎችን በየቡድኑ አከፋፍሏቸው። ባትሪው የመጠባበቂያ ኃይል (ዩፒኤስ) ይሆናችኋል።

ኮምፒውተር ካነሰ ለሦስት ተማሪ አንድ ስጡ። ግን ሥራ አከፋፍሉ። አንዱ ኪቦርዱን ይያዝ፣ አንዷ የላብ ወረቀቱን ታንብብ፣ ሦስተኛው የሆነውን በደቂቃ ይመዝግብ። በየ20 ደቂቃው ቦታ ይለዋወጡ። እንዲህ ካላደረጋችሁ ሁልጊዜ ያው አንድ ልጅ ይሠራል። ሁለቱ ስልካቸውን ይነካካሉ። ሴቶች ተማሪዎች ሳይወዱ በግድ ጸሐፊ ሆነው ሲቀሩም በዓይኔ አይቻለሁ። የሰዓት ደወሉ ይህን ይሰብራል።

4. ከመጀመሪያው ላብ በፊት ፈቃድ አስፈርሙ

እናንተ የምታስተምሩት ነገር ክፍል ውስጥ ትምህርት፣ ከክፍል ውጭ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ፈቃድ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን ራሳችሁ አንብቡት፣ ለተማሪም አንብቡለት። አንቀጽ 3 ያለ ፈቃድ ወይም ከተፈቀደው በላይ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል ያደርገዋል። «ምንም አላበላሸሁም፣ ለማየት ብቻ ነው» ማለት አያድንም። የሌላ ሰው ግንኙነት ያለ ፈቃድ መጥለፍም እንዲሁ ያስጠይቃል። ዶርም ውስጥ ተቀምጦ የግቢውን ዋይፋይ በዋየርሻርክ የሚያዳምጥ ተማሪ ጨዋታ ይመስለዋል። እንዳልሆነ ከእናንተ አፍ ይስማ።

አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጁ። የሚፈቀዱት ማሽኖች የአይፒ አድራሻ ይጻፍበት። ሰዓቱ ይጻፍበት። ከላቡ ውጭ ማንኛውንም ሥርዓት መሞከር ክልክል መሆኑ ይጻፍበት። ተማሪው ይፈርም፣ እናንተ ፈርሙ፣ የዲፓርትመንት ኃላፊው ፈርሞ ማህተም ያሳርፍበት። ማህተሙን አትናቁት። አንድ ቀን የአይሲቲ ክፍሉ «ከላባችሁ የመጣ ስካን አየን» ብሎ ቢጠራችሁ ያ ወረቀት ለተማሪውም ለእናንተም መከታ ነው።

በዚህ ክፍለ ጊዜ የሮበርት ሞሪስን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። በኅዳር 1988 እንደ ፈረንጆቹ የ22 ዓመት የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሠራው ትል (ራሱን እያባዛ የሚሰራጭ ፕሮግራም) ከእጁ አመለጠ። በጊዜው ግምት ወደ 6,000 ኮምፒውተር ያዘ። ፍርድ ቤት ቀርቦ የ3 ዓመት የገደብ ቅጣት፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና ከ10,000 ዶላር በላይ መቀጮ ተፈረደበት። በኋላ ኤምአይቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ተማሪዎቼ የመጨረሻውን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈካል። ያኔ እጠይቃቸዋለሁ፦ እናንተ እንዲህ ያለ ነገር ብታደርጉ፣ ፋይላችሁ ላይ የወንጀል መዝገብ ብታስገቡ፣ ማን ይቀጥራችኋል? ክርክሩ ደወል እስኪደወል አያበቃም።

5. የመጀመሪያዎቹ ላቦች

እኔ የምጀምረው በቴልኔት፣ ማለትም ሳይመሰጥር ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስገባው አሮጌ መንገድ ነው። አንዱ ተማሪ በቴልኔት ወደ ተጠቂው ማሽን ይገባል። ሌላው በዋየርሻርክ ያዳምጣል። ፓስወርዱ ፊደል በፊደል ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ከዚያ ግንኙነቱን በሚመሰጥረው በኤስኤስኤች ይደገማል፣ የማይነበብ ነገር ብቻ ይታያል። ኤስኤስኤችን እንደ ፈረንጆቹ በ1995 የሠራው የፊንላንድ ተመራማሪ ታቱ ኡሎነን ነው። ምክንያቱ ደግሞ በሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ ፓስወርድ ሲሰረቅ ማየቱ ነበር። ተማሪው አሁን ያየው ኡሎነን ያኔ ያየውን ነው። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ቀጥሎ የፓስወርድ ላብ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በዓለም ዙሪያ ለልምምድ የሚያገለግለው የፓስወርድ ዝርዝር ሮክዩ ከሚባል ድርጅት የተዘረፈ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2009 ከድርጅቱ 32 ሚሊዮን ፓስወርድ ምንም ሳይመሰጠር ተወሰደ። ዝርዝሩ ከ14 ሚሊዮን በላይ የተለያዩ ቃላት አሉት። ተማሪዎቼ በዝርዝሩ ላይ ብዙ የአማርኛ ቃል እንደሌለ ሲያዩ «እንግዲህ የእኛ አይሰበርም» ይላሉ። የቤት ሥራው ከዚህ ይጀምራል። እያንዳንዱ ቡድን በላቲን ፊደል የሚጻፉ 200 የአማርኛ፣ የኦሮምኛ ወይም የትግርኛ ቃላት ይሰብስብ። ሰላምታ፣ የሰው ስም፣ የቅዱሳን ስም፣ የእግር ኳስ ቡድን፣ የፍቅር ቃል ይሁን። መጨረሻው ላይ 123፣ የትውልድ ዓመት፣ የስልክ ቁጥር የመጨረሻ አሃዞችን የሚጨምር ደንብ ይጻፍ። ከዚያ ሌላው ቡድን ለልምምድ ብሎ የፈጠራቸውን ፓስወርዶች ይሞክር። እውነተኛ ፓስወርድ ፈጽሞ አይገባም፣ ይህን ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

«የእኛ አይሰበርም» ያለው ክፍል በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይሰበራል። በዚያው ላይ አንድ ንጽጽር አሳዩ። ኤምዲ5 በሚባለው አሮጌና ፈጣን ስሌት ተቀይሮ የተቀመጠውን ፓስወርድ አንድ ላፕቶፕ በሰከንድ ሚሊዮኖች ይሞክረዋል። ሆን ተብሎ ዘገምተኛ በተደረገው በቢክሪፕት 12 ደረጃ የተቀመጠውን ግን በአንድ ኮር በሰከንድ ጥቂት ብቻ። ነገ የባንክ ወይም የሆስፒታል ሲስተም የሚሠራው ይህ ልጅ ነው። ልዩነቱን በሰዓቱ ቆጥሮ ካየው አይረሳውም።

ሦስተኛው ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን (በድረ ገጽ መሙያ በኩል ለዳታቤዙ ትእዛዝ የማስገባት ጥቃት) ነው። ማጥቃቱን ብቻ አታሠሩ። የአንድ ክፍለ ጊዜ ላብ ከሆነ ግማሹን ሰዓት ኮዱን ለማረም ስጡ። ማርኩንም ለማረሙ ስጡ። ተማሪ ነጥብ ያለበትን ይከተላል።

ኢንተርኔት ደካማ ለሆነበት ግቢ ደግሞ ኦቨርዘዋየር በሚባለው ድረ ገጽ ያለውን ባንዲት የተባለ የልምምድ ጨዋታ እመክራለሁ። በኤስኤስኤች ጽሑፍ ብቻ ስለሚሠራ በስልክ ሆትስፖትም ይሄዳል። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው የደህንነት ውድድር ፒኮሲቲኤፍ ለጀማሪ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን የተሻለ ኢንተርኔት ይፈልጋል።

6. ፈተናውን አስታውሱ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና አለበት። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የመረጃ ደህንነት ከሚፈተኑት ኮርሶች አንዱ ነው። ስለዚህ ላብ ወደድኩ ብላችሁ ትርጓሜውን አትተዉት። ሚስጥራዊነት፣ ሙሉነት፣ ተደራሽነት። በምስጠራ የጋራ ቁልፍና የአደባባይ ቁልፍ ልዩነት። እነዚህን በምርጫ ጥያቄ መልክ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ አለማምዱ። ያ ይበቃል።

የራሳችሁን ፋይናል ግን ቃል በቃል ለሚሸመድድ ተማሪ አታዘጋጁ። የአንድ ምናባዊ ክሊኒክ ኔትወርክ ሥዕል ስጡና «ሦስት ደካማ ቦታ አሳይ፣ 20,000 ብር ቢኖርህ የትኛውን አስቀድመህ ታስተካክላለህ? ለምን?» በሉ። የሚኮረጅ መልስ የለውም። ለማረም ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ይህን አልደብቃችሁም። 60 ወረቀት ሦስት ቀን ይፈጅብኛል።

7. ተማሪ ቀዳዳ አግኝቶ ሲመጣ

ይህ ይመጣል። መቼ እንደሆነ ብቻ ነው የማታውቁት።

አንድ ቀን አንድ ተማሪዬ ቢሮዬ ገብቶ በሩን ዘጋ። ስልኩን አሳየኝ። በአንድ የተማሪዎች ውጤት ማያ ሥርዓት ላይ አድራሻው ውስጥ ያለውን ቁጥር በአንድ ሲቀይረው የሌላ ተማሪ ውጤት ይመጣል። ልጁ በስህተት ነው ያገኘው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ደነገጥኩ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አስቀድሜ አላሰብኩበትም ነበር። ለሥርዓቱ ባለቤቶች ስንነግራቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ማን ነው የሰበረው?» የሚል ሆነ። ልጁን ከተጠያቂነት ለማዳን ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ። ቀዳዳው ተደፈነ። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም ነገር ለመናገር ፈራ። ያ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እናንተ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። ሥራ በጀመራችሁበት ወር የአይሲቲ ዳይሬክተሩን ሄዳችሁ ተዋወቁ። «ተማሪ ችግር አግኝቶ ቢመጣ ለማን እናሳውቅ? በምን መልክ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በደብዳቤ አግኙ። ከዚያ ተማሪ ሲመጣ እንዲህ ታደርጋላችሁ፦

እዚያው እንዲያቆም ንገሩት። አንድ ጊዜ ያየው ማስረጃ ይበቃል፣ ሌላ ሰው መረጃ ላይ አይድገም፣ ምንም አያውርድ። ስክሪንሹቱን ለጓደኛ ወይም ለቴሌግራም ግሩፕ እንዳይልክ አስጠንቅቁት። ያየውን ነገር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ወዲያው ይጻፍ። እናንተ አብራችሁ ሂዱ፣ ብቻውን አትላኩት። ሪፖርቱ በእናንተ ስም ይግባ። ጉዳዩ ከግቢው ውጭ ያለ ሥርዓት ከሆነ ደግሞ በኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ሥር ያለው የሳይበር አደጋ ምላሽ ቡድን፣ ኢትዮ-ሰርት፣ የሚቀበል አካል ነው። ሲያልቅ ልጁን በስሙ አመስግኑት፣ በጽሑፍ ቢሆን ደግሞ ይሻላል።

8. ምርምራችሁን ከደጃችሁ ፈልጉ

ብዙ ወጣት መምህር የሌላ አገር ዳታ አውርዶ፣ አንድ ሞዴል አሠልጥኖ፣ ከመቶ 99 አገኘሁ ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በሺህ የሚቆጠር ነው። የእናንተን የሚለየው ማንም ሌላ ሊያየው የማይችለውን ማየታችሁ ነው።

ጥቂት ልንገራችሁ። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የሚመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩን» የሚል ስልክና መልእክት ያልደረሰው ሰው የለም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እናቶቻችን ሳይቀሩ ገንዘብ በስልክ ያንቀሳቅሳሉ። የአማርኛ ማጭበርበሪያ መልእክትን የሚለይ ሥራ እጅግ ያስፈልጋል። ሥራውን የሚያከብደው ደግሞ የራሳችን ፊደል ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ድምፅ ናቸው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። አንዱን ቃል አጭበርባሪው በአራት መንገድ ቢጽፈው አንባቢው ያው ያነበዋል፣ ማጣሪያው ግን አራት የተለያየ ቃል ያያል። ብዙ ሰው ደግሞ አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፋል። ይህን ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የውጭ ተመራማሪ የለም። ያንን የፓስወርድ የቤት ሥራም አስቡት። በአገራችን ቋንቋዎች የፓስወርድ ልማድ ላይ የሚሠራ ጥናት ከዚያ ይነሳል።

ከሰው መልእክት ስትሰበስቡ ስምና ስልክ ቁጥር አጥፍታችሁ አስቀምጡ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የዩኒቨርሲቲያችሁን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ደብዳቤ ሳትይዙ አትጀምሩ።

ለንባብ ገንዘብ አያስፈልግም። ዩሴኒክስ የሚባለው የኮምፒውተር ማኅበር ጉባኤዎች ጽሑፎች ለሁሉም ክፍት ናቸው። የክሪፕቶግራፊ (የምስጠራ) ጽሑፎች በኢፕሪንት ማኅደር በነጻ ይገኛሉ። በሳምንት አንድ ጽሑፍ ከሁለት ባልደረባ ጋር ቡና እየጠጣችሁ አንብቡ። ለብቻ ከማንበብ ይልቃል።

«በሦስት ቀን እናትምልዎታለን» የሚል ኢሜይል ይመጣላችኋል። ተዉት። ገንዘባችሁንም ስማችሁንም ይበላል። የአገር ውስጥ ጆርናል ከሆነ ትምህርት ሚኒስቴር እውቅና ከሰጣቸው መካከል መሆኑን አረጋግጡ።

9. ዕድገት፣ ትምህርትና ገንዘብ

የዩኒቨርሲቲያችሁን የሴኔት ሌጅስሌሽን በመጀመሪያው ዓመት አንብቡ። ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር ስንት ዓመት፣ ስንት ጽሑፍ እንደሚፈልግ እዚያ አለ። ላብ መሥራታችሁን፣ ሥልጠና መስጠታችሁን፣ ለማኅበረሰብ ያደረጋችሁትን ሁሉ ደብዳቤ አጽፋችሁ ፋይል አድርጉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ማንም አያስታውስላችሁም። ኤችዲፒ የሚባለው የመምህራን ሥልጠና ሲመጣም አትሽሹ። ማስተማርን ማንም አላስተማረንም፣ እዚያ ግን ትንሽ ይገኛል።

ለተጨማሪ ትምህርት በውጭ ከሆነ የኢራስመስ ሙንዱስ የማስተርስ ፕሮግራሞች ውስጥ በሳይበር ደህንነት ላይ ያተኮሩ አሉ። ኪጋሊ ያለው የካርኔጊ ሜለን አፍሪካ ካምፓስም ለማስተርስ ቅርብ አማራጭ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የምትፈርሙትን የአገልግሎት ግዴታ ውል እያንዳንዱን መስመር አንብቡ። ዋስ የሚሆናችሁ ሰው ዘመድ ነው፣ ችግር ቢመጣ የሚጎዳው እሱ ነው።

ገንዘቡ ከባንክ ወይም ከቴሌኮም ሥራ ያንሳል። ጓደኞቻችሁ ይሄዳሉ። በሄዱት አልፈርድም። የምትቆዩ ከሆነ በክረምትና በትርፍ ሰዓት ሥልጠና መስጠትና የደህንነት ፍተሻ መሥራት ይቻላል፣ በዩኒቨርሲቲው አማካይነትና በጽሑፍ ውል ይሁን። የምትፈትሹት ድርጅት ሚስጥር ክፍል ውስጥ ምሳሌ ሆኖ አይወራም። ስሙን ደብቃችሁም ቢሆን።

10. ርክክብ

አንድ ቀን ለትምህርት ትሄዳላችሁ ወይም ግቢ ትቀይራላችሁ። ያኔ ለሚቀጥለው መምህር ስላይድ ብቻ አትተዉለት።

ኤክስተርናል ዲስኩን አዘጋጁ። ንጹሕ ማሽኖቹ፣ የላብ ወረቀቶቹ ከነመልሳቸው፣ የፈቃድ ቅጹ፣ የአይሲቲ ክፍሉ ደብዳቤ ይግቡበት። በአንድ ገጽ የተበላሹትን ነገሮችና ያስተካከላችሁበትን መንገድ ጻፉ። የላቡን ፓስወርዶች በፖስታ አሽጋችሁ ለዲፓርትመንት ኃላፊው አስረክቡ፣ ያስፈርሙ። ተረካቢው በመጣ ቀን ሁሉንም ፓስወርድ ይቀይር። የዲስኩን ፋይሎች ሻ-256 ቁጥር እንደገና አስልታችሁ ግድግዳው ላይ ያለውን አሮጌ ወረቀት በአዲሱ ተኩት። ቀኑንም ጻፉበት።